ማኅተም ያለበት ወረቀት

አባቴና አክስቴ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ በተሰናዱበት ሳምንት የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ምግብ አልቀረበም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የላስቲኩን ልባስ አንስታ፣ ነጭ አንሶላ አንጥፋ፣ አንሶላው ላይ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ውጭ አይቼ የማላውቀውን ያህል መድኃኒት ደርድራ አገኘኋት። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን ሶፋ ላይ ነበር የምንበላው።

ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ይቀረኝ ነበር። ማንበብ በመቻሌ ደረቴን የምነፋበት ጊዜ ነው፤ የመድኃኒቶቹ ስም ግን አልነበብ አለኝ። ያነበብኩት የእናቴን ዝርዝር ነው። እናቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበረች፣ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ለእሷ እንደሌለ ይቆጠራል። ፋሻ ሁለት ጥቅል፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ የቁስል አልኮል፣ ቴርሞሜትር፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጥ ዱቄት። መቀስ ከሚለው ጎን "ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፤ በእጅ አይያዝም" ብላ ጽፋለች። ከዚያ በታች ያለው በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ሲሆን አንዱንም አላውቀውም። በቀይ የተጻፈ ነገር ቀልድ እንደማያውቅ ግን ከአስተማሪዎቼ ተምሬአለሁ።

ቦርሳውን የሰፋችው አክስቴ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት ስትሆን፣ ከእኛ ቤት ትንሽ አለፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። ሰፈሩ "ሻለቃ" ነው የሚላት። ሱሪ ለማሳጠር የመጣውን ሁሉ፣ ሽማግሌም ይሁን ጎረምሳ፣ "ቀጥ በል፤ አትተንፍስ፤ ዙር" እያለች ነው የምትለካው። ቦርሳውንም እንደዚያው ለካችው። ሰኞ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጥታ ፋሻውን፣ የክኒን ካርቶኖቹን፣ መርፌዎቹ በበረዶ የሚቀመጡበትን ፔርሙዝ አንድ በአንድ ለክታ ሄደች። ረቡዕ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ኪስ ያለው ሰማያዊ የሸራ ቦርሳ ይዛ መጣች። ዕቃው ኪሱ ውስጥ ከገባ ጥብቅ ይላል፤ ብትነቀንቀው ድምፅ አይሰማም።

"ሰልፍ አስያዝኳቸው" አለች።

የሰፋችው እሷ፣ የምትይዘውም እሷ ስለሆነች መድኃኒቱም የእሷ ነው አልኩ። የታመመችው አክስቴ እንደሆነች ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ነው የደረስኩበት። ማስረጃ ሞልቶኛል። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎባት የምትመጣበት ቀን ብዙ ነበር። ከስታለች፤ ቀሚሶቿን ራሷ አጥብባቸዋለች። እናቴ በር ላይ ስትቀበላት ሁልጊዜ "ዛሬስ ምን አሉዎት እትዬ?" ትላታለች፤ እሷም "ጤነኛ ነሽ ነው የሚሉኝ" ብላ ትመልሳለች። አዋቂ ሰው ሲታመም የሚለው ይህንኑ እንደሆነ አውቅ ነበር።

አባቴ ደግሞ ወፍሮ ነበር። ፊቱ ሞልቷል፣ ዓይኖቹ ጠበብ ብለዋል። ጎረቤቶች "ተመችቶሃል" ሲሉት ፈገግ ይላል። ዛሬ የዚያን ጊዜ ፎቶግራፉን ሳይ እብጠት መሆኑ አይጠፋኝም፤ በጣት ቢጫኑት ምልክቱ ለረጅም ጊዜ የሚቀር ዓይነት እብጠት ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ግን ጋራዥ አይሄድም፤ "ማሽን" ይሄዳል። ቤታችን ውስጥ ለዚያ ቦታ ሌላ ስም አልነበረንም። ሲመለስ እናቴ "ማሽኑ እንዴት ነበር?" ትለዋለች፤ "አራት ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል እንጂ ሌላ ምን አለው" ብሎ ይጋደማል። እኔ የማውቀው ሰው ተቀምጦ የሚውልበት ማሽን የአክስቴን የስፌት ማሽን ነው። ስለዚህ አባቴ የጋራዡ ሥራ ቀዝቅዞበት ሰው ዘንድ እየሄደ በድብቅ ልብስ ይሰፋል አልኩ። እንዳላሳፍረው ብዬ አልጠየቅኩትም። አንድ ቀን ግን ከጎኑ ተኝቼ እጅጌው ሥር እጄን ስሰድ፣ ክንዱ ላይ ቆዳው ሥር አንድ ነገር ሲነዝር ተሰማኝ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ንብ ናት" አለ እጅጌውን እየመለሰ። "መውጫው ጠፍቷት ነው። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ማር አምጣ ይሉኛል።"

ደም ለሚያጥበው ማሽን መርፌ እንዲመች ሐኪሞች የሠሩለት የደም ሥር መሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ንቧን አመንኩ፤ ምስጢሩንም ጠበቅኩለት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ ቦርሳውን እንዳመጣች፣ ፋርማሲስቱ መጣ። ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ያለው ራሰ በራ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ "ዶክተር" ይለዋል፣ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛውን ዞረው። እናቴ ክኒኖቹ ቦታ እንዳይፈጁ ከየካርቶናቸው እያወጣች በትንንሽ ላስቲክ መቋጠር ጀምራ ነበር።

"ይህንን ተዪው" አላት። "ከነካርቶኑ ነው የሚሄደው። የመድኃኒቱ ስም፣ የታዘዘለት ሰው ስም፣ መጠኑ ይነበብ። ላስቲክ ውስጥ የገባ ክኒን ለፈታሽ ሁሉም አንድ ነው።"

"ቦታ ይፈጃል እኮ።"

"ይፍጅ። ከልብሱ ቀንሱ። ደግሞ በእጅ ነው የሚያዘው፤ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል። የሳምንት ትርፍ ጨምሩበት፣ አውሮፕላንም ይዘገያል።" መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። "የሐኪሙ ደብዳቤስ?"

እናቴ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ያለ ወረቀት ሰጠችው። ከሥሩ ክብ ሐምራዊ ማኅተም አለበት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

"ጥሩ ነው። ግልባጩን ለብቻ አድርጉት፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ዋናው ከመርፌው አይለይ። ይህ ወረቀት ከሌለ መርፌውን አያሳልፉም። እናንተንም ጭምር ቢመልሷችሁ አይገርመኝም።"

እናቴ ያን ጊዜ ነው መኖሬ ትዝ ያላት መሰለኝ። "ሂጂ፣ ለዶክተር ውሃ አምጪ" አለችኝ።

ወጥ ቤቱና ሳሎኑን የሚለየው ቀጭን ግድግዳ ነበር። ብርጭቆውን እየሞላሁ ፋርማሲስቱ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰማሁት፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ይበልጥ ጆሮ ይስባል።

"እኔን የሚያሳስበኝ እርስዎ ነዎት" አለ ለአክስቴ። "እሱስ ለምዶታል።"

"እኔ ምን እሆናለሁ?" አለች አክስቴ። "ሁለት ነው ያለኝ። አንዱን ወስዶ ከዚያ ማሽን ከተገላገለ ምን ጎደለብኝ? በአንዱ እኖራለሁ።"

"እትዬ፣ አሁንም ጊዜ አለ" አለች እናቴ። "ቢተዉት ማንም አይቀየምዎትም።"

"አስቤ ጨርሻለሁ። ይልቅ ያንን ቴርሞሜትር አቀብዪኝ፤ ኪሱን አጥብቤበታለሁ መሰል።"

ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አክስቴ ሁለት ያላት ነገር ማሽን ነው። አንዱ በእግር የሚረገጠው ትልቁ፣ ሌላው በእጅ የሚዞረው ትንሹ። ትንሹን "ስታድጊ ያንቺ ነው" ብላ ስሜን ሆዱ ሥር በጠመኔ ጽፋልኛለች። እሷ የምትሠራበት ትልቁን ስለሆነ፣ ለአባቴ የምትሰጠው ትንሹን ነው። ውጭ አገር ድረስ ሄዶ እሷን ለሚያስታምምበት ድካም መሆኑ ነው። አባቴ የራሱ ማሽን ካለው ሰው ዘንድ እየሄደ መስፋቱን ያቆማል፤ ይህ ገብቶኛል፣ ጥሩም ነው። ግን ለምን የእኔን?

ውሃውን ሰጥቼ ወጣሁ። ሐሙስንና ዓርብን በዝምታ አሳለፍኩ፤ እናቴ አባቴ ሊሄድብኝ ስለሆነ አዝኜ መስሏት ፀጉሬን ስትሠራኝ ቀስ ትል ነበር። እኔ ግን እያሰብኩ ነበር። ካልሄዱ ማስታመም የለም፤ ማስታመም ከሌለ መስጠትም የለም። ላለመሄድ ምን መጥፋት እንዳለበት ደግሞ ፋርማሲስቱ በግልጽ ተናግሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ በሻንጣ ተጨናንቋል። አባቴ በረንዳ ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። እናቴ ታክሲ ልትጠራ ወጥታለች። ሰማያዊው ቦርሳ ሶፋው ላይ ብቻውን ነበር። የኋላ ኪሱን ዚፕ ከፍቼ ደብዳቤው ያለበትን ላስቲክ ሳብኩት። አክስቴ ኪሱን በልኩ ስለሰፋችው በቀላሉ አልወጣም፤ ሁለቴ መጎተት ነበረብኝ። መኝታ ቤት ገብቼ የሒሳብ ደብተሬን ልባስ ፈታሁና ወረቀቱን ከሥሩ አስገብቼ ልባሱን መልሼ አጠፍኩት።

ስወጣ አክስቴ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ፊቷን በፎጣ እያደረቀች ቆማለች።

"ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

ትንሽ አየችኝ። "በይ ነይ ሳሚኝ" አለች። ጉንጯ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር።

ታክሲው መጣ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝና "የኔ እናት፣ ንቧን እዚያ ለቅቄያት እመጣለሁ" አለኝ በጆሮዬ። መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር እናቴ እጇን አላወረደችም። እኔ እስከ ምሳ ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምሳ አለፈ። ነጩ አንሶላ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀረበ።

እሁድ ማታ ስልክ ተደወለ። እናቴ ቆማ ነው ያወራችው።

"ያዟችሁ? የት? . . . ወረቀቱ እኮ የኋላ ኪሱ ውስጥ ነው፣ እኔው ነኝ በእጄ ያስገባሁት . . . እሺ። እሺ። ዋናው መድረሳችሁ ነው። እሱስ አሁን እንዴት ነው?"

ከዘጋችው በኋላ መሳቢያውን ከፍታ ዝርዝሩን አወጣች። ደብዳቤ ከሚለው ጎን የራሷ ምልክት አለ። "ምልክት አድርጌበታለሁ" አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

የሆነውን ሙሉ በሙሉ የሰማሁት በኋላ ነው። አውሮፕላን በሚቀይሩበት አገር ፈታሾቹ መርፌዎቹን አይተው ወረቀት ጠየቁ። ወረቀት የለም። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። ትልቁ ሻንጣ ተፈልጎ ግልባጩ እስኪገኝ ቀጣዩ አውሮፕላን አመለጣቸው፣ ፔርሙዙ ውስጥ ያለው በረዶ ቀለጠ፣ መርፌዎቹም ተጣሉ። የሄዱበት አገር የደረሱት አንድ ቀን ሙሉ ዘግይተው ነው። አባቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ማሽን ተወሰደ፤ መቆም አይችልም ነበር። እኔ ያን እሁድ የገባኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አልፈዋል። ጸጸት ተሰማኝ ብል ውሸት ይሆናል። ልፋቴ ከንቱ በመቅረቱ ነበር የተናደድኩት።

ከወር በኋላ አክስቴ ብቻዋን ተመለሰች። ከታክሲው ስትወርድ ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ ጎበጥ ብላ፣ እርምጃዋን እየመረጠች ነበር። ስለ ሕመሟ የደረስኩበት ሁሉ ትክክል እንደሆነ በዓይኔ አየሁ፤ እንዲያውም ያላዳኗት መሰለኝ። አባቴ ሌላ ሁለት ወር ቆየ። ሲመጣ እብጠቱ ሟሽሾ ፊቱ ትንሽ ሆኗል፣ አፉና አፍንጫው ላይ ጭንብል አድርጓል። ማክሰኞም ዓርብም ቤት ዋለ። ወደ ማሽን መሄድ ቀረ። ወደ አክስቴ ሱቅ ሮጬ ሄድኩ። ትንሹ ማሽን ከነስሜ ቦታው ላይ ነው። እንግዲያው ወረቀቱን መደበቄ በሆነ መንገድ ሠርቷል ብዬ ደመደምኩ፤ ለብዙ ጊዜም በዚያ ሥራዬ ኮራሁ።

እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። በር ቆልፋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን የምትነካ፣ ምድጃ አጥፍታ ሁለቴ የምታይ። መሥሪያ ቤቷ የዕድገት ቦታ ሲሰጣት "እኔ የምረሳ ሰው ነኝ" ብላ እንዳልተቀበለች አባቴ ነግሮኛል።

እውነቱን የነገረችኝ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የአባቴን የሳምንት ክኒን በየቀኑ ሣጥን እየደለደለች ነበር። ጤነኛ ሆኖ ለምን ይህን ሁሉ ይውጣል ብዬ ጠየቅኳት።

"አክስትሽ የሰጠችው ኩላሊት እንዳይቀየመው ነው" አለች፣ ዓይኗን ከሣጥኑ ሳታነሳ። ከዚያ ቀና ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ፈርቼ እንዳላድግ ብሎ አባቴ ነበር የደበቀኝ።

ያን ዕለት ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ፤ ጥጡ፣ እብጠቱ፣ ንቧ፣ "ሁለት ነው ያለኝ" ያለችው። ወረቀቱም። የወሰድኩት እኔ ነኝ ብዬ ለማንም ሳልናገር ስድስት ዓመት አለፈ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ለትምህርት ሌላ ከተማ ልሄድ ስል፣ አክስቴ ልብሴን እንድታስተካክልልኝ ሱቋ ሄድኩ። ደንበኛ አልነበረም። እሷ እየሰፋች፣ እኔ ከጀርባዋ ቆሜ ተናገርኩ። ፊቷን እያየሁ አልችልም ነበር።

"ያንን የሐኪም ወረቀት የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

እግሯ መርገጡን አላቆመም። ስፌቱን እስከ ጫፍ አደረሰችው።

"አውቃለሁ" አለች። "መታጠቢያ ቤት ሆኜ በመስታወቱ አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ልብሱን ከመርፌው ሥር አወጣችና ጭኗ ላይ አጠፈችው።

"ፈርቼ ነበራ። አንቺ ልጅ፣ ሻለቃ እያሉ ሲጠሩሽ መፍራት ቀላል አይደለም። ሰው ሁሉ ጎበዝ፣ ጀግና ብሎ ጨርሶኛል። አልሄድም ማለት ከማልችልበት ደርሼ ነበር። አንቺ ወረቀቱን ስትጎትቺ ሳይሽ፣ በቃ፣ ከእኔ አፍ ሳይወጣ ሌላ ነገር ይመልሰን አልኩ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"እዚያ ወረቀት ሲሉን አብሬ ፈለግኩ" አለች። "እንደሌለ እያወቅኩ ኪሱን ሁሉ ገለበጥኩ። ግልባጩ ሻንጣ ውስጥ እንዳለም አውቃለሁ። አባትሽ አያውቅም፤ ሻንጣውን የሸከፍነው እኔና እናትሽ ነን። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም አልኩ። በግምት አይደለም የምነግርሽ፤ የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አባትሽ ጫማውን አወለቀ። እግሩ አብጦ ጫማው ጠብቦት ነበር። አወለቀና ደግሞ አፍሮ ከወንበሩ ሥር ገፋቸው፣ ሰዎቹ እንዳያዩበት። ካልሲው አንዱ ቀዳዳ ነበረው፤ ያንን እግሩን በሌላው ሸፈነው።" ልብሱን ጭኗ ላይ አቃናችው። "ያኔ ተነስቼ ሻንጣውን አምጡልኝ አልኳቸው። ቋንቋቸውን አልችልም። በእጄ ነው ያስረዳሁት።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"ያንቺን ለእናትሽ ንገሪያት። ስንት ዓመት ራሷን ስትጠራጠር ኖረች። የኔን ግን ለኔ ተዪልኝ።"

ለእናቴ ነገርኳት። አልጮኸችም። ተነስታ ከፋይሎቿ መካከል ያንን ዝርዝር አወጣች፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። "ምልክቱ ልክ ነበር ማለት ነው" አለች። ከዚያ ለአንድ ሳምንት አላናገረችኝም።

አክስቴ ያረፈችው አምና ነው፤ ከኩላሊት ጋር በማይገናኝ በሽታ፣ በእርጅናዋ። ለልቅሶ የመጣው ሰው እኛ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። አባቴ ስለ እሷ ሲናገር ድምፁ ጠራ ያለ ነበር። ጠይቄያት አላውቅም አለ። ሐኪሞቹ ኩላሊቱ ከዘመድ ቢሆን ይሻላል ባሉ ማግስት የሱቋን በር ዘግታ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታ፣ መቼ ነው የምንሄደው እንዳለችው ነገራቸው። መንገዱን፣ የተያዙበትን ክፍል፣ በባዕድ አገር በእጇ እያስረዳች ያወጣችውን አወራ።

"አንዲት ደቂቃ እንኳን አላመነታችም" አለ። ወደ እኔ ዞረ። በዕድሜዬ ሁሉ ከእሷ ሥር ስላልጠፋሁ፣ ከሱ ቀጥሎ የማውቃት እኔ እንደሆንኩ ያምናል። "አይደለም እንዴ?"

ሰዉ ሁሉ አየኝ።

"አዎ" አልኩ። "አንዲት ደቂቃ።"